የሠለጠነ እጅና የሙያ ወረቀት፦ የመኪና ቴክኒሽያን ሥልጠና በጆሃንስበርግ

በደቡብ አፍሪካ አንድን ሰው «ብቁ የመኪና ቴክኒሽያን» የሚያሰኘው የሠራበት ጋራዥ ስፋት ወይም ኮሌጅ የቆየበት ዘመን ብቻውን ሳይሆን ሦስት ነገሮች ተሟልተው መገኘታቸው ነው። የመጀመሪያው በኮሌጅ የሚቀሰም የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው በእውነተኛ ጋራዥ ውስጥ፣ በባለሙያ ተቆጣጣሪ ሥር የሚከናወን የተግባር ልምምድ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በአገሩ አነጋገር «ትሬድ ቴስት» የሚባለው፣ ተፈታኙ በመርማሪ ፊት በእጁ ሠርቶ የሚያሳይበት የሙያ ፈተና ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ፈተና «ሲኦሲ» በሚል አጠራር ከሚታወቀው የሙያ ብቃት ምዘና ጋር ቢያመሳስለው አይሳሳትም። ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ሰው ሞተር አውርዶ መልሶ የሚሰቅል ጎበዝ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በደመወዝ እርከኑ ላይ የሚመደበው ከረዳቶች ተርታ ነው፤ ዕድሜ ልኩንም በዚያው ሊቀር ይችላል።

ሙያው በራሱ አንድ ወጥ አይደለም። በቤንዚን በሚሠሩ የቤት መኪኖችና ቀላል ጭነት መኪኖች ላይ የሚሠራው ሞተር መካኒክ፣ በከባድ መኪናዎችና በናፍጣ ሞተሮች ላይ የሚሠራው ዲዝል መካኒክ፣ የሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚሠራው የመኪና ኤሌክትሪሽያን፣ እንዲሁም በኢትዮጵያ ባቲላሜራ የሚባለው የአካል ጠጋኝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥልጠና፣ ፈተናና የምስክር ወረቀት አላቸው። አንዱን ያለፈ ሰው ሌላውን እንዳለፈ አይቆጠርም።

ይህ ወረቀት በጆሃንስበርግ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ለማን ይሰጥ፣ ማንስ ይከለከል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1886 ከወርቅ መገኘት ጋር ተቆረቆረች (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው መኪና በ1897 መጀመሪያ በአቅራቢያዋ ባለችው በፕሪቶሪያ ለሕዝብ ታየ፤ ከአሥር ዓመት ጥቂት ከፍ ብሎም፣ በ1908፣ ዛሬ ድረስ የጋራዥ ባለቤቶችንና የመኪና ነጋዴዎችን የሚያሰባስበው የችርቻሮ ሞተር ኢንዱስትሪ ድርጅት መሠረቱን ጣለ። መኪናው በመጣበት ፍጥነት ግን የሚጠግነው ሰው ዕድል አልተከፈተም። የ1922ቱ የተለማማጆች ሕግ አንድ ወጣት የልምምድ ውል ለመፈረም «ስታንዳርድ 6» የሚባለውን፣ ማለትም የስምንት ዓመት ያህል ትምህርት፣ ያጠናቀቀ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ሕጉ የቆዳ ቀለምን በስም አልጠቀሰም፤ መጥቀስም አላስፈለገውም፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን እዚያ ደረጃ የሚያደርስ ትምህርት ቤት ያገኘ ጥቁር ልጅ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ያገኘውም ቢሆን በነጮች ብቻ የተያዙት የሠራተኛ ማኅበራት በሩን ይዘጉበት ነበር። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ትምህርቱን ይበልጥ አሳነሰው፤ በ1956 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የተወሰኑ ሥራዎችን ለተወሰነ ዘር የመከለል ሥልጣንን ለመንግሥት ሰጠ።

ውጤቱም በጋራዡ ወለል ላይ በየቀኑ የሚታይ ነበር። ጥቁሩ ሠራተኛ ክሪክ ያቆማል፣ ጎማ ይፈታል፣ ዘይት ያፈስሳል፣ ቁልፍ ያቀብላል፤ ዓመታት ሲቆጠሩም በዓይኑና በእጁ የተማረው ነገር ከአለቃው ዕውቀት ጋር ይስተካከላል፤ ነገር ግን ስሙ በመዝገብ ላይ «ረዳት» ሆኖ ይኖራል። በሶዌቶና በአሌክሳንድራ ሰፈሮች በየግቢውና በየመንገዱ ዳር የተስፋፋው ጥገና ከዚህ ክልከላ ጋር አብሮ የሚታይ ነገር ነው፤ ዕውቀት ነበር፣ ማኅተም አልነበረም። በ1977 የተቋቋመው የዊሃን ኮሚሽን በ1979 ካቀረበው ሪፖርት በኋላ፣ በ1981 የወጣው የሰው ኃይል ሥልጠና ሕግ የልምምድ ውልን ለሁሉም ዘር ክፍት አደረገ። ይህ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ዛሬ በጆሃንስበርግ በልምምድ ላይ ያለ ወጣት አያቱ ይህን ሙያ ለመማር ፈልጎ በሕግና በማኅበር የተከለከለ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለ ሥልጠናው ሲነገር ይህን መርሳት፣ የወረቀቱን ዋጋ በግማሽ ብቻ ማየት ነው።

የዛሬው ሥርዓት የቆመው በ1998 በወጣው የክህሎት ልማት ሕግና በ1999 በወጣው የክህሎት ልማት ግብር ሕግ ላይ ነው። ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከ500,000 ራንድ በላይ የሆነ ቀጣሪ ከዚያ ላይ 1 በመቶ ለሥልጠና ይከፍላል፤ ገንዘቡም አብዛኛው በየኢንዱስትሪው ወደተቋቋሙ የሥልጠና ባለሥልጣናት ይሄዳል። የመኪና ጥገናን የሚመለከተው «መርሴታ» በሚል አጠራር የሚታወቀው፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም በጆሃንስበርግ ያለው ተቋም ነው። ተለማማጁና ቀጣሪው የሚፈራረሙት ውል የሚመዘገበው በዚሁ ተቋም ሲሆን፣ ሥልጠና የሚሰጥ ቀጣሪም ከተከፈለው ግብር ውስጥ መልሶ ድጋፍ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ያልተመዘገበ ውል፣ ጋራዡ የቱንም ያህል ስም ያለው ቢሆን፣ እንደ ልምምድ አይቆጠርም፤ ወጣቱም ሆነ ወላጆቹ ከሁሉ አስቀድመው መጠየቅ ያለባቸው የምዝገባውን ቁጥር ነው።

መግቢያው በዝቅተኛው ደረጃ 9ኛ ክፍልን ከሒሳብና ከሳይንስ ጋር ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በተግባር ግን ብዙ ቀጣሪዎች 12ኛ ክፍልን ወይም «ኤን 2» የተባለውን የቴክኒክ ደረጃ ያለፈ ይመርጣሉ። ኤን 2 በነባሩ ሥርዓት አራት ትምህርቶችን ይዟል፤ ሒሳብ፣ የምሕንድስና ሳይንስ፣ የምሕንድስና ንድፍና የሞተር ሙያ ንድፈ ሐሳብ ናቸው። ይህ ነባር ደረጃ አሁን በአዲስ የሙያ የምስክር ወረቀት እየተተካ ነው፤ አዲሱ አሠራር ንድፈ ሐሳብን፣ የወርክሾፕ ተግባርንና የጋራዥ ልምድን በአንድ ጥቅል የሚያስተሳስር ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም በ2010 የተቋቋመው የሙያና የሥራ ዘርፎች የጥራት ምክር ቤት ነው። በአገሪቱ ካሉት 50 የመንግሥት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች መካከል የማዕከላዊ ጆሃንስበርግ ኮሌጅና በሶዌቶ አካባቢ ያለው የደቡብ ምዕራብ ጋውቴንግ ኮሌጅ ለከተማዋ ወጣቶች ቅርብ ናቸው። ችግሩ ኮሌጅ መግባቱ ላይ አይደለም፤ የሚበዙት ተማሪዎች የሚንጠባጠቡት በኮሌጁና በጋራዡ መካከል ነው። ንድፈ ሐሳቡን የጨረሰ ወጣት ተለማማጅ አድርጎ የሚቀበለው ጋራዥ ካላገኘ ለፈተናው መቅረብ አይችልም። ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው ሥራ ፈላጊዎች ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ሥራ በማያገኙበት አገር ደግሞ ይህ ጠባብ በር ብዙ ሕልም ይቀጫል። የብሔራዊ ልማት ዕቅዱ በ2030 በየዓመቱ 30,000 ባለሙያዎች እንዲመረቁ ግብ ቢያስቀምጥም፣ ተለማማጅ ለመቀበል የሚደፍር ጋራዥ ካልበዛ ግቡ በኮሌጅ ብዛት ሊደረስበት የሚችል አይደለም።

ልምምዱ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ተለማማጁ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ክፍያው አነስተኛ ሆኖ ይጀምርና ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። የሠራውን ሥራ ሁሉ በመዝገብ ያሰፍራል፣ ተቆጣጣሪውም ይፈርምለታል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ዘይት በመቀየር፣ ፍሬን በመፈተሽና መሣሪያ በማጽዳት ያልፋሉ፤ እነዚህ ሥራዎች ተራ ቢመስሉም ጥንቃቄን የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው፤ በትክክለኛው ኃይል ያልጠበቀ የጎማ ቡሎን በመንገድ ላይ ሰው ይገድላልና። ዋናው ትምህርት ግን የሚጀምረው ተማሪው ዕቃ ከመቀየር ወደ ችግር ፍለጋ ሲሸጋገር ነው። መካኒክን ከቴክኒሽያን የሚለየውም ይኸው ነው።

ለምሳሌ አንድ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፤ የምርመራ መሣሪያው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝም ፒ 0301 የሚል ኮድ ያሳያል። ይህ ኮድ በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በትክክል አልተቃጠለም ማለት ነው፤ የቱ ዕቃ እንደተበላሸ ግን አይናገርም። ልምድ የሌለው ሰው ኮዱን እንደ ፍርድ ቆጥሮ ካንዴላውን፣ ቀጥሎ ኮይሉን፣ ቀጥሎ ነዳጅ መርጫውን እያከታተለ ይገዛል፤ የባለቤቱም ገንዘብ ያልቃል። በወጉ የሠለጠነው ተለማማጅ ግን ምንም ሳይገዛ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ነቅሎ ከሁለተኛው ጋር ያቀያይርና ሞተሩን ደግሞ ያስነሳዋል። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ከተዛወረ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ሄዷል፤ ስለዚህ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ኮዱ ባለበት ከቆየ ደግሞ ካንዴላውን በዚያው ዘዴ ይፈትሻል፤ ከዚያም አልፎ የሲሊንደሩን ግፊት ወደ መለካት ይሄዳል። ይህ ሥራ የሚፈልገው አሥር ደቂቃና የተደራጀ አእምሮ ነው።

ሌላው ምሳሌ የከተማዋ የራሷ ነው። ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ዳርቻ 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚያ 83 አካባቢ ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 76 ይወርዳል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የአየር ግፊት መለኪያው ሴንሰር የሚያሳየው ይህንኑ የአካባቢውን ግፊት ነው። በባሕር ዳርቻ አገር ከተጻፈ መጽሐፍ 101 የሚለውን ቁጥር ሸምድዶ የመጣ ተማሪ 83 ሲያይ ጤነኛውን ሴንሰር ተበላሽቷል ብሎ ያስቀይራል። ውኃም በዚያ ከፍታ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ግፊቱን አጥብቆ መያዝ ያቃተው የራዲያተር ክዳን መኪናውን በባሕር ዳርቻ ከሚያደርሰው በፈጠነ ጊዜ ያፈላዋል። በደቡብ አፍሪካ ደጋማ ክፍል ያሉ ማደያዎች ከ95ቱ ቤንዚን ጎን 93 ኦክቴን የሚሸጡትም ስስ አየር የሞተሩን የመጨመቅ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። በደጋ ከተማ ያደገ ኢትዮጵያዊ መካኒክ ይህን ጠባይ ከማንም በተሻለ በእጁ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን በቁጥር አስደግፎ መናገር ግን ሥልጠናው የሚጨምርለት ነገር ነው።

ልምምዱ ሲያልቅ ፈተናው ይመጣል። ከጆሃንስበርግ ወደ ፕሪቶሪያ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ኦሊፋንትስፎንቴን በተባለ ስፍራ፣ «ኢንድሌላ» የሚባለው የመንግሥት የሙያ መፈተኛ ማዕከል ይገኛል፤ ዕውቅና የተሰጣቸው የግል ማዕከላትም አሉ። ተፈታኙ ከተበተነ ሞተር ፊት ይቆማል፤ የቴስታታው ፊት ተጣሞ እንደሆነ በቀጥተኛ ማስመሪያና በስስ የውፍረት ምላጮች ይመረምራል፤ የሲሊንደሩን መብላት በሚሊሜትር መቶኛ ይለካል፤ ካምቢዮ ፈትቶ ይገጥማል፤ የፍሬንና የመሪ ሥራ ይሠራል፤ ሆን ተብሎ የተሰወረ የኤሌክትሪክ ጉድለት ፈልጎ ያገኛል። መርማሪው የሚያየው ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል፣ የመሣሪያ አያያዙንና የደኅንነት ጥንቃቄውንም ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የሚቀበለው የምስክር ወረቀት በመላ አገሪቱ የሚሠራ ነው።

በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ ቀድሞ ጄፒ ይባል በነበረውና በ2014 ስሙ ራሂማ ሙሳ በተባለው ጎዳና አካባቢ፣ ሐኪሞች ይሠሩባቸው የነበሩ ፎቆች ሳይቀሩ በኢትዮጵያውያን ሱቆች የተሞሉበት ሰፈር አለ። ከሀዲያና ከከምባታ አካባቢ የመጡት ብዙ ወጣቶች ኑሮን የሚጀምሩት በዚህ የጨርቃ ጨርቅና የሸቀጥ ንግድ ነው፤ ከዚያም ወደ ከተማው ዳርቻ ሰፈሮች ሄደው ሱቅ ይከፍታሉ። ሱቅ ግን በግንቦት 2008 ከአሌክሳንድራ ጀምሮ እንደተስፋፋው፣ በ2015ና በ2019ም እንደተደገመው ዓይነት ጥቃት ሲነሳ በአንድ ሌሊት የሚዘረፍ ሀብት ነው። በእጅ የገባ ሙያ ይህን አደጋ ባያስቀረውም፣ ሰውየው ከቃጠሎው ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ከእነዚህ ስደተኞች ውስጥ በአገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ ሆኖም በጆሃንስበርግ ከመደርደሪያ ጀርባ የቆሙ ሰዎች መኖራቸው የሚያስቆጭ ነው።

ወደ ሙያው ለመመለስ የመጀመሪያው ግርታ ቋንቋ ነው። የኢትዮጵያ ጋራዥ የሚናገረው በአብዛኛው ከጣልያንኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ። በጆሃንስበርግ ጋራዥ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲሊንደር ሄድ፣ ጋስኬት፣ ክላች፣ ጊርቦክስ፣ ቤሪንግ፣ ስፓርክ ፕላግ፣ ስታርተር፣ ስክሩ ድራይቨር ይባላሉ። ዕቃው አንድ ነው፤ ስሙን የማያውቅ ሰው ግን በፈተና አዳራሽ ዕቃውንም የማያውቅ ይመስላል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የጻፈ አንድ ደብተር ከብዙ ሳምንት የቋንቋ ትምህርት ይልቅ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ነው። በ1998 የወጣው የስደተኞች ሕግ የስደተኝነት ዕውቅና ላገኘ ሰው ሥራ የመፈለግ መብት ይሰጣል፤ ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለውን ጥገኝነት ጠያቂ በሚመለከትም የአገሪቱ ጠቅላይ ይግባኝ ፍርድ ቤት በኅዳር 2003 በዋቼኑካ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሥራንና ትምህርትን በጅምላ መከልከል የሰውን ክብር የሚነካ ነው ሲል ክልከላውን ሽሯል። ከጥር 2020 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ ግን የጠያቂዎችን የመሥራት መብት በፈቃዱ ላይ በሚጻፍ ማረጋገጫ ላይ እንዲመሠረት አድርጓል፤ ስለዚህ የልምምድ ውል ከመፈረም በፊት በፈቃዱ ላይ የሰፈረውን ቃል አንብቦ መረዳት ግዴታ ነው። ከኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ የምስክር ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ወረቀቱን ለደቡብ አፍሪካ የትምህርት ማስረጃዎች ባለሥልጣን አቅርቦ ማስመዘን ይችላል። በ1934 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ የወጣ ሰው የያዘው ማስረጃም የሚመዘነው በዚሁ መንገድ ነው።

የነዳጅ መኪና ብቻ የሚያውቅ ሰው የትም ቢኖር ትምህርቱ እንዳላለቀ ማወቅ አለበት። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ከተነገረ ወዲህ የአዲስ አበባ ጋራዦች ከ300 ቮልት በላይ የሚይዙ ባትሪዎችን ማስተናገድ ጀምረዋል። በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት ጥገና አይደለም፤ መኪናውን አጥፍቶ፣ የደኅንነት መቁረጫውን ነቅሎ፣ የተጠራቀመው ኃይል እንዲፈስ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ጠብቆ፣ ከዚያም በመለኪያ ዜሮ መሆኑን በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው። ብርቱካናማውን ሽቦ ያለ መከላከያ ጓንት የሚነካ እጅ ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል። ይህን በወጉ ተምሮ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ብዙ ነው።

በጆሃንስበርግ ለሚቀረውም ቢሆን ጊዜው ለትናንሽ ጋራዦች መልካም ነው። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ያወጣውና ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የጸናው መመሪያ፣ የመኪና ባለቤት ዋስትናው ሳያልቅ መኪናውን ከአምራቹ ወኪል ውጪ ባለ ጋራዥ ማሠራት እንዲችል መንገድ ከፍቷል። ቀድሞ አዲስ መኪና ወደ ሰፈር ጋራዥ የሚመጣው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነበር። አሁን ደንበኛው ሊመጣ ይችላል፤ የሚጠይቀው ግን መኪናውን የሚነካው ሰው ብቁ ስለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ ያ ማስረጃም የፈተናው ወረቀት ነው።

ለዓመታት ሠርቶ ወረቀት የሌለው ሰው ይህን ለማግኘት እንደ አሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከሀ መጀመር አይጠበቅበትም። ቀድሞ በሥራ የተገኘ ዕውቀት የሚታወቅበት የተለየ መንገድ አለ፤ አመልካቹ ልምዱን የሚያስረዳ ማስረጃ ያቀርባል፣ በገምጋሚ ይፈተሻል፣ የጎደለው ነገር ካለ በአጭር ሥልጠና ይሞላል፣ ከዚያም እንደማንኛውም ተለማማጅ ለሙያ ፈተናው ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉት ሙያ አጥተው ሳይሆን የሠሩበትን ዘመን የሚያረጋግጥ ወረቀት አጥተው ነው፤ ጋራዡ ተዘግቷል፣ ባለቤቱ ሰፈር ቀይሯል፣ እጅ በእጅ የተከፈለው ደመወዝም ምልክት አልተወም። ስለዚህ ዛሬ በየትኛውም ግቢ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው የጀመረበትን ቀን፣ የሠራቸውን መኪኖች ዓይነት፣ የፈታውንና የገጠመውን ክፍል በየዕለቱ በደብተሩ ቢያሰፍር፣ በወሩም መጨረሻ አሠሪውን ከነአድራሻው ቢያስፈርም፣ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በኦሊፋንትስፎንቴን በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያንኑ ደብተር ነው።